ስለ ማየት ዋጋ

ሰው ሁሉ ማየት ያለ ዋጋ የተሰጠው ይመስለዋል። እህል የፈለገ ገበያ ወጥቶ ይገዛል፤ ልብስ የፈለገም ለሸማኔ ይከፍላል። ወፍ ስትበር ለማየት ግን ቀና ከማለት በቀር የሚያስፈልግ ነገር ያለ አይመስልም። ዳሩ ግን ነገሩን መርምረን ብንመለከተው ማየትም እንደ ሌላው ሁሉ ዋጋ አለው። የሚያከራክረውም ዋጋውን የሚከፍለው ተመልካቹ ነው ወይስ የሚታየው ፍጥረት ነው የሚለው ነገር ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በስምጥ ሸለቆ ያለው የአብጃታና የሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ስፍራ በ1960ዎቹ ዓመታት ሲከለል ዋናው ምክንያት የውሃ ወፎቹ ነበሩ። ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ሲሆኑ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ ከ260 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ ለዓሣ ግን የማይመች ነው፤ አብጃታ ጥልቀቱ ትንሽ ሲሆን ቀድሞ ዓሣ የሞላበት ነበር። ስለዚህ ነጩ ፔሊካን፣ ይኸውም ከምንቃሩ በታች ከረጢት ያለው ትልቁ ወፍ፣ በሻላ ደሴት ላይ እየፈለፈለ ምግቡን ከአብጃታ ያመጣ ነበር። ሌዝሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የተባሉ ሊቃውንት ይህን አኗኗር መርምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ጽፈውታል።

ከጽርእ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ፣ ይህ ወፍ ጎኑን ወግቶ የሞቱ ልጆቹን በደሙ እንደሚያስነሣ ይተርካል። በዐይን ያዩት ሰዎች እንደሚያስረዱት ግን ፔሊካን ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ውጦ ባመጣው ዓሣ ነው። ጫጩቱ ከእንቁላል ሲወጣ ላባ የሌለው ዕራቁቱን ነው። እናትና አባቱ ተራ በተራ ካልጋረዱት የቆላው ፀሐይ ይገድለዋል፤ እንቁላልና ጫጩት የሚበሉ ሌሎች ወፎችም ጎጆው ባዶ የሚሆንበትን ጊዜ ይጠባበቃሉ። እንግዲህ መጽሐፉ በታሪኩ ከእውነት ቢርቅም በምሥጢሩ አልራቀም፤ ወላጅ ለልጁ ሕይወት ከራሱ ይከፍላልና።

ፎቶግራፍ ለማንሣት ብሎ ወደ ጎጆው የሚቀርብ ሰው ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል። ወላጆቹ ደንግጠው ይነሣሉ፤ ሰውየው ሥዕሉን ይዞ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚያች ጥቂት ጊዜ በጫጩቱ ላይ የደረሰውን ግን ሥዕሉ አያሳይም። ሌላው ደግሞ ፍላሚንጎዎች ሲነሡ ቀያይ ክንፋቸው ያምራል ብሎ ወደ መንጋው እየሮጠ ያስነሣቸዋል። ፍላሚንጎ ግን ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ከውሃው ውስጥ ጥቃቅን ምግብ እያጣራ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ለመጥገብ ብዙ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ የተባረረበት ሰዓት ከማዕዱ የተነሣበት ሰዓት ነው። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤቱን ከማዕድ የሚያስነሣ ሰው በአገራችን ምን ይባላል?

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋራ እንዳይወስድ ተከልክሏል። ለሆዱ የሚወስድ እንኳ ወሰን ከተደረገበት፣ ለዐይኑ ብቻ የሚወስድማ እንዴት ያለ ወሰን አይገባው ይሆን?

ዋጋውን ራሱ የሚከፍል ተመልካችም አለ። ከላይ ስሙ የተጠራው ብራውን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. በታንጋኒካ በናትሮን ሐይቅ ፍላሚንጎዎች የሚፈለፍሉበትን ስፍራ ለማየት በሚያቃጥለው የሶዳ ጭቃ ላይ ሲሄድ እግሮቹ ክፉኛ ቆስለው በሐኪም ቤት ተኝቷል። ሰው ሁሉ እግሩን ያቁስል ማለቴ አይደለም። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይዞ ርቆ መቀመጥ፣ ፀሐዩንና ድካሙን ታግሦ መጠበቅ ይበቃል። ወፉ መብላቱን ትቶ አንገቱን ቀና ካደረገ፣ ቀርበኸኛል ማለቱ ነውና ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። እንዲህ ያለው ሰው የሚከፍለው ትዕግሥትን ነው፤ ያየውም ነገር በእውነት የእርሱ ነው።

ምናልባት አንድ ሰው፣ «ሰው ያላየውን አይወድም፤ ያልወደደውንም አይጠብቅም፤ ስለዚህ አንድ ጎጆ ቢታወክ ሥዕሉ ሺህ ጎጆ ያድናል» ይል ይሆናል። ሥዕል ፍቅርን እንደሚያመጣ አይካድም። ነገር ግን ሺህ ጎጆ ይድናል የሚባለው ተስፋ ነው፤ የአንዱ ጎጆ ጥፋት ግን ዛሬ የተደረገ ነው። ደግሞም ከሩቅ በትዕግሥት የተነሣ ሥዕል ያንኑ ፍቅር ሊያመጣ ሲችል፣ በማወክ የሚነሣው ለፍቅር ሳይሆን ለችኮላ የተነሣ ነው።

ሌላውም፣ «አብጃታን ያጎደሉት ፎቶግራፍ አንሺዎች አይደሉም» ይላል። ይህስ እውነት ነው። ባለፉት 50 ዓመታት ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ለመስኖ ውሃ ተቀዳ፤ ከሐይቁም ለሶዳ ፋብሪካ ተወሰደ። ሐይቁ እየሸሸ ጨውነቱ እየበዛ ሄደ፤ ዓሣው ጠፋ፤ ዓሣ የሚበሉትም ወፎች ቁጥራቸው አነሰ። ይሁን እንጂ የትልቁ ወሳጅ በደል ለትንሹ ወሳጅ ይቅርታ አይሆነውም። እንዲያውም የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ውሃውን የቀዳው ሰው ዋጋውን ማን እንደሚከፍል አልጠየቀም፣ ሥዕሉን ያነሣውም አልጠየቀም። በእርሻው ላይ የተገኘው ትርፍ ተቆጥሮ ሲጻፍ፣ ፔሊካን ዓሣ ፍለጋ ወደ ሩቅ ሐይቅ የበረረው በረራ በየትኛውም መዝገብ አልገባም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ያማረ የወፍ ሥዕል ባየህ ጊዜ ማማሩን ካደነቅህ በኋላ ስለ ዋጋው ጠይቅ። በትንሹ ነገር ይህን መጠየቅ የለመደ ሰው፣ በውሃውና በመሬቱም መጠየቁ አይቀርም።

ዐይንህ ጠግቦ ሳለ ጫጩቷ ከሞተች፣
የሥዕልህን ዋጋ ወፊቱ ከፈለች።