ነውርና ወንጀል

ሐሺሽ ይፈቀድ የሚል ሰው ጎንደር ላይ ቢነሳ የመጀመሪያውን መልስ አውቀዋለሁ፦ «ይኼ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላሊበላ አይደለም) በተደረገ ቁፋሮ የሸክላ ጋያ ራሶች ተገኝተዋል። ሲመረመሩ የካናቢስ ቅሪት ታየባቸው፤ ዘመናቸውም ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ተገመተ። ትምባሆ ከአሜሪካ ባሕር ተሻግሮ ሳይመጣ፣ ጎንደርም ዋና ከተማ ሳትሆን መሆኑ ነው።

ስለዚህ ዕፁ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። አዲሱ ሕጉ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 የአደንዛዥ ዕፅን ማምረትም፣ ማዘዋወርም፣ መጠቀምም ወንጀል ያደርገዋል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ይኼ ነው፦ አንድ ነገር ጎጂ ወይም ነውር ስለሆነ ብቻ ወንጀል ይሆናል? ኀጢአትን የንስሐ አባት ይሰማዋል። ነውርን ጎረቤት ይፈርድበታል። ወንጀል ሲሆን ግን ፖሊስ ይመጣል፣ የወህኒ በር ይዘጋል። ሦስቱን አንድ አድርገን ስንጨፈልቅ ነው ፍርድ የሚዛባው።

አረቄን እንይ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ አረቄ ያላፈረሰው ትዳር፣ ያላስሸጠው በሬ ያለበት መንደር ካለ ንገሩኝ። ሰካራሙን እንመክራለን፣ እናዝንበታለን፣ ጠበል እንወስደዋለን እንጂ ስለጠጣ ብቻ አናስረውም። ጫት የሚቅመውንም እንዲሁ፤ መንግሥት እንዲያውም ከጫት ግብር ይሰበስባል። ቡና እንኳ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በክርስቲያኑ ዘንድ የተነወረ መጠጥ ነበር። በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ከንፈሩ ይቆረጥ ነበር ይባላል። ከዚያስ? መንግሥት ራሱ የሲጋራ ፋብሪካ ባለቤት ሆኖ ኖረ፤ በ2008 ዓ.ም. ከድርጅቱ 40 በመቶውን ለጃፓን ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። የትናንቱ ወንጀል የዛሬ ገቢ ሆነ ማለት ነው።

«ሁለት መርዝ ስለተፈቀደ ሦስተኛ ይጨመር?» የሚለኝ ሰው ግን ቁም ነገር ተናግሯል። በለጋ ዕድሜ ጀምሮ ሐሺሽ የሚያዘወትር ሰው ለከባድ የአእምሮ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ይህን መካድ አይቻልም። በግልጽ ቢሸጥም ገንዘብ ያለው ነጋዴ ገበያውን ወደ ወጣቱ እንደሚያሰፋ ከቢራው አይተናል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያን ለማስቆም የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1112 አስፈልጓል።

ይህ ሁሉ ግን ሱቁ እንዳይከፈት ያስረዳል እንጂ አጫሹ ይታሰር አያሰኝም። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ኪሱ ውስጥ አንድ ጥቅል ተገኘበት እንበል። ቢታሰር ከትምህርቱ ይፈናቀላል፤ ሲወጣ ቀጣሪ ይሸሸዋል፤ ወገራ ያለው አባቱ ለጠበቃ በሬውን ይሸጣል። ሱስ ከያዘው ደግሞ እታሰራለሁ ብሎ ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ዕፁ ሊያደርስበት ይችላል ብለን የፈራንለትን ጉዳት ቅጣቱ በእርግጠኝነት አደረሰበት። ታዲያ ማንን ነው የጠበቅነው?

ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2001 ንግዱን ወንጀል እንደሆነ ትታ፣ ለራሱ ጥቂት የያዘውን ሰው ከፍርድ ቤት አውጥታ ለምክርና ለሕክምና ወደሚመራ ኮሚሽን አዛወረችው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 አዋቂ ሰው በግል ቤቱ የሚጠቀመው ካናቢስ ወንጀል አይደለም ሲል ወሰነ። እኔም የምለው ከዚህ አያልፍም፦ ነጋዴውን ሕግ ይያዘው፤ ተጠቃሚውን ግን ለቤተሰብ፣ ለሐኪምና ለንስሐ አባቱ እንተወው።

ይህን የሚቃወም አንባቢ አንድ ነገር ያስብልኝ። ጥቅሉ በገዛ ልጁ ኪስ ቢገኝ ፖሊስ ይጠራል? ሽማግሌ፣ ዘመድ፣ ሐኪም አይደለም የሚፈልገው? ለራሳችን ልጅ የማንመርጠውን ፍርድ ለጎረቤት ልጅ በሕግ ስም ስንመርጥ፣ ፍትሕ ሳይሆን ርቀት ነው ደፋር ያደረገን።