ደቀ መዝሙር ለመምህሩ እስከ ምን ድረስ ይታዘዛል?

በቲቤት ቡድሂስቶች ዘንድ የታወቀ አንድ ገድል አለ። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሚላሬፓ የተባለ ወጣት በድግምት ብዙ ሰው ካጠፋ በኋላ ተጸጸተና ማርፓ ወደሚባል መምህር ሄደ። ማርፓም ከማስተማሩ በፊት ግንብ እንዲሠራ አዘዘው፤ ሥራው ሳያልቅም አፍርሶ ድንጋዩን ወደ ነበረበት እንዲመልስ አደረገው። ይህ ተደጋገመ። በመጨረሻ ባለ 9 ደርብ ግንብ ሲያንጽ ጀርባው ተልጦ ቆሰለ።

እንዲህ ያለው መታዘዝ በጎ ምግባር ነውን? ወይስ ኅሊናን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት? የንስሐ አባት ያለን ምእመናንም ለዚህ ጥያቄ ባዕዳን አይደለንም።

ገድሉ የማርፓ ጭካኔ የሚላሬፓን ኃጢአት ለማንጻት እንደ ነበረ ይናገራል። ይሁን እንጂ አንባቢው ፍጻሜውን ያውቃል፤ ድንጋዩን የተሸከመው ግን አያውቅም ነበር። ዛሬም መምህሩ የሚያዋርደው ደቀ መዝሙር እየታነጸ ይሁን እየተበዘበዘ፣ በመካከል ሳለ በምን ይለየዋል?

ጥንታውያን የቡድሂዝም መጻሕፍት ነገሩን ሳያስቡበት አላለፉም። ቪናያ የሚባለው የመነኮሳት ሥርዓት አዲስ መነኩሴ ቢያንስ 5 ዓመት በመምህር ሥር እንዲኖር፣ መምህሩን እንደ አባት እንዲያይ ያዝዛል። ይኸው ሥርዓት ግን መምህሩ ወደ ስሕተት ትምህርት ቢያዘነብል እንዲመልሰው ደቀ መዝሙሩን ያስገድደዋል። ቡድሃ ራሱም ለካላማ ሰዎች፣ «መምህራችን ነው» በማለት ብቻ አንድን ትምህርት እንዳይቀበሉ መክሯቸዋል።

ቲቤታዊው ሊቅ ጾንግካፓ በ1402 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ብቁ መምህር ሊኖሩት የሚገቡ 10 ባሕርያትን ዘርዝሯል። ከእነዚህም ራስን መግዛት፣ የመጻሕፍት ዕውቀት፣ ርኅራኄ፣ ደጋግሞ ለማስተማር አለመሰልቸት ይገኛሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ገና ፊደል የሚቆጥር ሰው የመምህሩን ዕውቀት ጥልቀት እንዴት ይመዝናል? ሊመዝን የሚችለው በዓይኑ የሚያየውን፣ ይኸውም ጠባዩንና ርኅራኄውን ብቻ ነው። ስለዚህም ምርመራው በመጀመሪያው ቀን የሚያልቅ አይመስለኝም።

በ1993 እ.ኤ.አ. የምዕራቡ ዓለም የቡድሂዝም መምህራን በሕንድ፣ በዳራምሳላ ከዳላይ ላማ ጋር ከመከሩ በኋላ ባወጡት ግልጽ ደብዳቤ፣ ደቀ መዛሙርት የመምህራቸውን ነውር ፊት ለፊት እንዲናገሩ፣ ካልታረመም ለሕዝብ እንዲገልጹ አሳስበዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስምንት ደቀ መዛሙርት ዝነኛ ለነበረው መምህራቸው ለሶግያል ሪንፖቼ ድብደባንና ሌላ በደልን ዘርዝረው ጻፉለት። የማርፓ ታሪክ በዚያ ጊዜ ምን ይጠቅማቸው ነበር? ማርፓስ ቢሆን ከደቀ መዝሙሩ ድካም ምንም አላተረፈም ለማለት አይቻልም፤ የመጨረሻው ግንብ ለልጁ የታሰበ ነበርና።

በገድሉ ውስጥ ብዙዎች የሚያልፏት አንዲት ሴት አለች፤ የማርፓ ሚስት ዳግሜማ። ሚላሬፓን መገበችው፤ ስለ ቁስሉ ባልዋን ተከራከረች፤ በኋላም በባልዋ ስም ደብዳቤ አስመስላ ጽፋ ወደ ሌላ መምህር ሰደደችው። ገድሉ ያለ ጊዜው የመጣ ርኅራኄዋ የሚላሬፓን መንጻት እንዳጎደለበት ይናገራል። በዚህ ነጥብ ከገድሉ ጋር አልስማማም። ጀርባውን ገልጣ ያየችው እርስዋ ነበረች።