እውነትና አደራ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ምሽት ለሁለት ሰዎች ሰጠሁ። ለታመመ ጓደኛዬ “ማታ መጥቼ አብሬህ አመሻለሁ” አልኩት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐዘን ለደረሰባት ጎረቤቴ “ማታ እመጣለሁ” ብዬ ቃል ገባሁ። ሁለቱንም ስናገር አልዋሸሁም፤ ጓደኛዬን ለመጠየቅ የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ፤ ለቅሶ ለመድረስም የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። ለቅሶው ቤት ሄድኩ። ጓደኛዬ በሩን ሳይቆልፍ እንዳመሸ የሰማሁት በማግሥቱ ነው። ለመሆኑ ሰው ሁለት እውነት ተናግሮ እንዴት ውሸታም ይሆናል?

የተለመደው ሎጂክ (አመክንዮ) በዚህ ነገር አይወቅሰኝም። “ምሽቱ ካለኝ በሽተኛ እጠይቃለሁ፤ ምሽቱ ካለኝ ለቅሶ እደርሳለሁ፤ ምሽቱ አለኝ፤ እንግዲህ ሁለቱንም አደርጋለሁ” ብል ያጸድቅልኛል። ይህ ሎጂክ የተሠራው ለእውነት ነውና። እውነት ደግሞ ቢጠቀሙበት አያልቅም፤ የፓይታጎረስ ቲዎረም ሺህ ጊዜ ቢጠቀስ አይጎድልም።

ፈረንሳዊው የሎጂክ ሊቅ ዣን-ኢቭ ዢራር እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው “ሊኒየር ሎጂክ” ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። ከእርሱ በፊት ጀርመናዊው ገርሃርድ ጌንትዘን በ1930ዎቹ የማረጋገጫን ሕጎች ሲዘረዝር፣ ሰው ሳያስተውላቸው የሚሠራባቸውን ሁለት ፈቃዶች በግልጽ አስቀምጦ ነበር። አንዱ መነሻ ሐሳብን ደጋግሞ መጠቀም ነው፤ ሌላው ሳይጠቀሙበት መተው። ዢራር ሁለቱንም ነሳ። በእርሱ ሥርዓት የተቀበሉት ነገር አይባዛም፣ አይጣልም፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሥራ ላይ ይውላል። ለዚህ ዓይነቱ ነገር በአማርኛ የቆየ ስም አለን፤ አደራ ይባላል።

ያን ጊዜ “እና” የምንላት ቃል ለሁለት ተከፈለች። በአንደኛዋ ሁለቱም ነገሮች ባንድነት ይሰጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ስንቅ ያስፈልጋል። በሁለተኛዋ ሁለቱም በእጅ ናቸው፣ ግን አንዱን ያነሳ ሌላውን ይተዋል። እኔ የነበረኝ ሁለተኛዋ “እና” ነበረች፤ ቃል የገባሁት በአንደኛዋ ነው።

ሕጉን መከተል ብቻ ግን ትርጉሙን መረዳት አይደለም። ዢራር ራሱ ለሥርዓቱ የትርጉም ሞዴሎች አበጅቶለታል። ከእነርሱ በአንዱ የአንድ ዓረፍተ ነገር ትርጉም “እውነት” ወይም “ሐሰት” መሆኑ ቀርቶ፣ እርሱን ለመፈጸም የሚበቃው ስንቅ ሁሉ እንደ ማለት ነው። በሕጉ የሚረጋገጠውም በእነዚህ ሞዴሎች ሁሉ የሚጸናው ነው እንጂ ሌላ አይደለም። አንድርያስ ብላስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ዓረፍተ ነገርን እንደ ሁለት ተከራካሪዎች ጨዋታ ተረጎመው፤ በዚያ ዋናው ጥያቄ “መራጩ ማን ነው?” የሚል ነው።

ዢራር የማያልቀውን ነገር አልካደም። ደጋግመው ሊጠቀሙበት ለሚቻለው ልዩ ምልክት ሰጠው፤ ምልክቱም ቃለ አጋኖ (!) ነው። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ቃለ አጋኖው የሚገባው ለምንድን ነው? ለዕውቀት ይገባል። ለእናት ፍቅርም ይገባ ይሆናል። ለእናት ጉልበት ግን አይገባም። እኛ ፍቅሯ እንደማያልቅ አይተን “እናት አይደክማትም” እንላለን፤ ምልክቱን ከፍቅሯ አንስተን በወገቧ ላይ እንለጥፋለን።

“ደግነትን የሚቆጥር ነጋዴ ነው” የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ ሊቆጠር የሚገባው የሰጠነው ሳይሆን ቃል የገባነው ነው። ደግሞም ሊኒየር ሎጂክ ወደ በሽተኛው ሂድ ወይም ወደ ለቅሶው ሂድ አይልም፤ መምረጥ ግድ መሆኑን ብቻ ይነግረናል። ምርጫው የኅሊና ነው።

ጓደኛዬ “ሰው ሞቶ ነው” ብሎ አለፈው። ለቅሶውን መምረጤን ዛሬም ጥፋት አልለውም። ጥፋቴ መምረጤን ሳልነግረው፣ በሩን ክፍት አድርጎ እንዲያመሽ መተዌ ነው።