በሌላ ሰው አፍ የተሰጠ ቃል

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ሕፃኑ ገና አንገቱ አልጸናም፤ ስለ እርሱ ግን ከባድ ቃል ይሰጣል። ክርስትና አባቱ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክድለታል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልሶ በሥላሴ ማመኑን ይመሰክርለታል። ከዚያ ማተብ ይታሰርለታል፣ የክርስትና ስም ይወጣለታል፣ በሥጋ የማይዛመደው ሰውም አባቱ ይሆናል። ዝምድናው እንዲያው ለወጉ የሚባል አይደለም፤ ፍትሐ ነገሥት በክርስትና የተዛመዱ እንዳይጋቡ እስከመከልከል ደርሷል።

ታዲያ ይህ እምነት የማን ነው? ልብ በውክልና የማያምን ከሆነ፣ በሌላ ሰው አፍ የተነገረ ቃል እንዴት የእኔ ይባላል? በዘመናችን ብዙዎች «የእኔ የምለው አውቄ የመረጥሁትን ብቻ ነው» ይላሉ። ይህ መልስ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ለእምነታቸው ከወላጅ የተለዩ ሰዎች ምስክሮቹ ናቸውና።

ከእነዚህ አንዷ ፐርፔቱዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ203 በሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ ስትታሰር ዕድሜዋ 22 ገደማ ነበር፤ የጨዋ ልጅ፣ የሚጠባ ሕፃን ያላት እናት። አባቷ እየተመላለሰ ለሽበቱ እንድታዝን፣ ለልጇ እንድትራራ ለመናት። እርሷ ግን ክርስቲያን ነኝ ከማለት አልተመለሰችም። የሚወድዳትን አባት እያየች የጸናችበት እምነት የራሷ ካልተባለ የማን ሊባል ነው?

ነገር ግን ይህች ቆራጥ ሴት ብቻዋን አልቆመችም። የተጠመቀችው ተይዛ ሳለች ከጓደኞቿ ጋር ነው። አብራት የታሰረችው ፌሊሲታስ ባሪያ ነበረች። በወኅኒ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗንም አንዲት ክርስቲያን እንደ ልጇ አሳደገቻት። የሮም ሕግ እመቤትንና ባሪያን እኅትማማች አይልም፤ ሁለቱ ግን ሞትን ጎን ለጎን ተቀበሉ። ምርጫዋ ፐርፔቱዋን ከዝምድና አላወጣትም፤ ወደ ሌላ ዝምድና አስገባት እንጂ።

ስለዚህ የእምነትን ባለቤትነት በምርጫ ብቻ መለካት አይበቃም። ክርስትና አባት ዋስ ነው። ዋስ ስለ እኔ ይቆማል፤ ዕዳው ግን ከእኔ ላይ አይወርድም። እርሱ የገባውን ቃል የምኖረው እኔ ነኝ። አምኜበት ብቀበለው እንኳ ገና መንገድ ይቀረዋል። ሙሉ በሙሉ የእኔ የሚሆነው በዚያው ቃል ታምኜ እኔም ለሌላ ሰው የቆምሁ ዕለት ነው።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ክርስቶስ እናቱና ወንድሞቹ ውጭ ቆመው ሲያስጠሩት፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚፈጽም ሁሉ ቤተሰቡ መሆኑን ተናገረ። ይህ የሥጋን ዝምድና መናቅ አይደለም፤ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል። እናት የሌላው እናት፣ ልጅ የሌላዋ ልጅ ሆነ። የመንፈስ ቤተሰብ የቆመው በዚህ አደራ ላይ ነው።

የጽዋ ማኅበራችንም መሠረቱ ይህ ነው። በየወሩ በ12 የሚካኤልን ወይም በ21 የማርያምን የሚዘክሩ ሰዎች ተራ ገብተው ይደግሳሉ፤ የተቀያየሙትን ያስታርቃሉ፤ ያዘነውን ያጽናናሉ። አደጋውም እዚያው ነው። ማኅበሩ የአንድ አገር ልጆች ብቻ የሚጠራሩበት ከሆነ፣ ጽዋው የቅዱስ ስም ቢይዝም ዝምድናው ያው የሥጋ ነው። ጥያቄ ያነሣን አባል እንደ ከዳተኛ የሚያይ ከሆነ ደግሞ ክርስቶስን መከተል ቀርቶ እርስ በርስ መከታተል ይሆናል። ፐርፔቱዋ ለአባቷ እምቢ ማለት የቻለችው ከቤተሰብ በላይ የምትከተለው ስለነበራት ነው፤ የመንፈስ ቤተሰብም ራሱን ከዚያ በታች ማስቀመጥ አለበት።

ስለ እኛ ቃል ለገቡት ሰዎች ውለታቸውን መልሰን አንጨርሰውም። ልንከፍለው የምንችለው ለሚመጣው ሰው ነው፤ ለክርስትና ልጃችን፣ ዘመድ በሌለው አገር ለምናገኘው እንግዳ፣ ብድር ሊመልስ ለማይችል ችግረኛ። «ሳልመርጠው የገባሁበት እምነት በእውነት የእኔ ነው?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው ጭንቀቱ ተገቢ ነው። መልሱን ግን ልቡን በመመርመር ብቻ አያገኘውም። በዚህ እምነት ለማን ዋስ እንደሆነም ይጠይቅ።