የሐምሌ 22 ንባብና አንድምታው

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በራስ መኮንን ድልድይ ተሻግሮ ፒያሳ የወጣ ሰው፣ አራዳ ጊዮርጊስን አልፎ ወደ መርካቶ ሲል የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ያገኛል። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ሥራ ተነሥቶ ነበር፤ ከአራት ኪሎ በላይ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጦ ከርሞ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ታሪኩን የማያውቅ የከተማው ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ንባብ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ትርጓሜውን መስማት ሌላ ነው። በጉባኤ ቤት ወግ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ይነሣል፣ ታሪክ ይመጣለታል፣ «አንድም» እየተባለ ይፈታል፤ የኋለኛው ፍቺም የፊተኛውን አይሽረውም። እኛም ለሐምሌ 22፣ ጳጳሱ ለተገደሉበት ቀን፣ አራት ቃል ያለው ንባብ አበጅተንለታል።

ንባብ፦ ወረዱ፤ ተጠየቁ፤ እንቢ አሉ፤ ቆሙ።

ወረዱ።

ታሪክ። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ግብፅ ላይ ከተሾሙት አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነበር። ጠላት ኢጣልያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 21፣ የደጃዝማች አበራ ካሣና የሌሎች አርበኞች ጦር ከተማውን ለማስለቀቅ መጣ። ዝናብ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፤ በየአቅጣጫው ሊገባ የተቀጠረው ጦር በአንድ ሰዓት አልተገናኘም። ጥቃቱ ሳይሰምር ቀረ። ከአርበኞች ጋር የነበሩት ጳጳስም በጠላት እጅ ገቡ።

ወረዱ አለ፣ ከሰላሌ በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማው መጡ ማለት ነው።

አንድም ከክብር ወረዱ። ጳጳስ ወንበር አለው፣ እጁን የሚሳለም አለው፣ አጃቢ አለው። ይህን ሁሉ ትተው ጭቃ ከሚረግጥ ሠራዊት ጋር ሆኑ ሲል ነው።

አንድም ወደ መንጋቸው ወረዱ። ጳጳስን ከጦር ጋር ምን አገናኘው ቢሉ፣ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አቡነ ማቴዎስም በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ወርደዋል፣ የጊዮርጊስ ታቦትም አብሮ ዘምቷል። ሊሞት የሚሄደውን ሰው የሚናዝዘው ካህን ከኋላ ቀርቶ አይናዝዝም።

ተጠየቁ።

ለፍርድ ቀረቡ ማለት ነው። የተጠየቁትም አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለኢጣልያ እንዲገዛ በቃላቸው እንዲያዙ ነው።

ሐተታ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ክርስቶስን ካዱ ያላቸው የለም። መስቀላቸውን ጣሉ፣ ቅዳሴ ተዉ፣ ጾም ግደፉ ያላቸውም የለም። ጠያቂዎቹ ራሳቸው የተጠመቁ፣ ማተብ ባያስሩም መስቀል የሚሳለሙ ሰዎች ናቸው። የተለመነው አንድ ቃል ነበር፤ አርበኛን ሽፍታ በሉልን። በዚያ ቃል የሚተርፍ ነፍስ፣ የሚጸና ሹመት፣ ምናልባትም ከእልቂት የሚድን አገር አለ ብሎ ራስን ማሳመን ይቻላል። ዘመነ ሰማዕታትን በገድል ያነበበ ሰው ፈተናው ጣዖት ተሸክሞ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፤ ፈተናው ግን ወረቀት ይዞ መጣ።

ጥያቄው ቀላል ያለመሆኑ ማስረጃው ከዚያው ከ1921ዱ ሹመት ይገኛል። በአንድ ቀን አብረው ከተቀቡት መካከል አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ላይ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን ከጠላት ጋር ተስማሙ፤ ጣሊያን ሊቀ ጳጳስ ብሎ ሾማቸው፤ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን አወገዘቻቸው። ቅባቱ አንድ፣ ትምህርቱ አንድ፣ መልሱ ሁለት። ድፍረት ከማዕርግ ጋር ተያይዞ አይመጣም ሲል ነው።

አንድም የአቡነ ቴዎፍሎስ ነው። በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆኑ። ደርግ የካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ሲያወርዳቸው ከክሶቹ አንዱ ያለ መንግሥት ፈቃድ ሦስት ጳጳሳት ሾሙ የሚል ነበር። እዚህም ሃይማኖትህን ካድ የሚል ቃል አልተሰማም፤ የተጠየቀው ፈቃድ ነው። ጳጳስ የሚሾመው ማን ነው የሚለው ግን ቤተ ክርስቲያን የማን ናት ማለት ነው።

አንድም የእኛ ነው። አራት ኪሎ ቢሮ በዝቶባት የኖረች ሰፈር ናት። ጠዋት ኪዳን አድርሶ፣ ነጠላውን አጣጥፎ በቦርሳው ከትቶ የገባ የንብረት ክፍል ሠራተኛ አለ እንበል። ጠረጴዛው ላይ የሃምሳ ወንበር ደረሰኝ ተቀምጧል፤ መጋዘን የገባው ሠላሳ ነው። አለቃው «ፈርምና እንሂድ፣ ሁሉም ፈርሟል» ይለዋል። ከማተቡ ጋር የተነካካ ነገር የለም። ሠራተኛው ተጠየቀ ማለት ግን ይህ ነው።

እንቢ አሉ።

አላወግዝም አሉ፤ ይልቁንም ግዝቱን ወደ ሌላ ወገን መለሱት። ለጠላት እንዳይገዛ ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን ምድሪቱንም ገዘቱ።

አንድም ለአገር እንቢ አሉ። አንድም ለእውነት እንቢ አሉ። ይህስ ለአገር መሞት እንጂ ለሃይማኖት መሞት ነውን ቢሉ፣ መስቀል የያዘ እጅ በሐሰት ቢመሰክር የሚዋሸው መስቀሉ ነው፤ ሕዝቡ የሚሰማው «ጳጳሱ እንዲህ አሉ» ብሎ ነውና። ባለ ቤቱን ሌባ፣ ሌባውን ባለ ቤት ያለ አንደበት በማግሥቱ ወንጌል ቢያነብ ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ሁለቱ ፍቺ በአንድ ይቆማሉ።

አንድም በገዛ መሣሪያቸው እንቢ አሉ። ጠመንጃ አላነሡም፤ ያነሡት በክህነት የተሰጣቸውን ሥልጣን ነው። ሃይማኖትን መጠበቅ እያንዳንዱ በያዘው ነው፤ መምህር በትምህርቱ፣ ዳኛ በፍርዱ፣ ጸሐፊ በብዕሩ።

ሐተታ። እንቢታን ከስድብ የሚለየው ምንድን ነው? ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ነው። ታክሲ ውስጥ የጎረቤቱን እምነት አዋርዶ፣ ሰው አስለቅሶ፣ «ሃይማኖቴን ጠበቅሁ» ብሎ የሚወርድ ሰው ምንም አልከፈለም፤ የከፈለችው ከጎኑ አንገቷን የደፋችው ሴት ናት። ግልፍተኝነት ለብዙ ሰው ድፍረት መስሎ ይታያል። አቡነ ጴጥሮስ ግን ዕዳውን በማንም ላይ አልጣሉም። በቃላቸው ሊሞት የሚችለው የመጀመሪያው ሰው ራሳቸው ነበሩ።

ቆሙ።

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው አረፉ። ከወደቁ በኋላ ቆሙ ማለት እንደምን ነው ቢሉ፣ በቃላቸው ጸኑ ማለት ነው።

አንድም ባሉበት ቀሩ ማለት ነው። ለዚህ ከሌላ ቤት ታሪክ እናመጣለን። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ዘመን ታስረው ሲፈቱ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተበጅቶላቸው ነበር፤ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬም ጭምር አማልደዋል። መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ከአምልኮ ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ አሥር ዓመት ታሰሩ። የቀሩት እርሳቸው ብቻ እንዳልሆኑ ለማወቅ ይህን መጨመር ግድ ነው፤ የመቆም ዋጋ ቤተሰብ ድረስ ይደርሳል። ኦርቶዶክሱን ጳጳስና የመካነ ኢየሱሱን ቄስ በአንድ ንባብ ሥር ማምጣት የሚከብደው ቢኖር፣ የዶግማው ልዩነት ባለበት ነው፤ የተጠየቁት ግን አንድ ነው።

አንድም በመንበራቸው ቆሙ። አቡነ ቴዎፍሎስ በእስር ሳሉ በቦታቸው ሌላ ፓትርያርክ ተመረጠ፤ እስክንድርያ ግን የፊተኛው በሕይወት ሳሉ የኋለኛውን አልቀበልም አለች። እርሳቸውም በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ የእርሳቸውም የቄስ ጉዲናም ዐፅም ከተጣለበት ወጣ፤ የፓትርያርኩም ጎፋ ገብርኤል በክብር አረፈ።

ምሥጢር። ከአራቱ ቃል ሦስቱ ሰውየው የሚያደርጋቸው ናቸው፤ ይወርዳል፣ እንቢ ይላል፣ ይቆማል። «ተጠየቁ» ብቻ ከሌላ ይመጣል። ቀኑን ጠያቂው ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ማንም የጀግንነቱን ዕለት መርጦ ሊዘጋጅ አይችልም። ሊዘጋጅ የሚችለው ከዚያ በፊት በሚመጡት ትንንሽ ጥያቄዎች ነው፤ በደረሰኙ፣ በምስክርነቱ፣ «ሁሉም ፈርሟል» በሚለው ቃል። ሐምሌ 22ን ሐውልቱ ሥር አበባ አኑሮ የሚመለስ ሰው መልካም አደረገ። ነሐሴ ላይ ለሐሰት ደረሰኝ ከፈረመ ግን ንባቡን እንጂ ትርጓሜውን አልሰማም፤ ለሃያ ወንበር እንቢ ያላለ ሰው ጥይት ፊት እንቢ ይላል ብሎ መጠበቅም ዘበት ነው።