አክተሩ አይሞትም

ጥር ወር 1996 ዓ.ም. ነው። ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ፍኖተ ሰላም ወርጄ ነበር። ያኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ስለነበር ዘመድ አዝማዱ “መምህሩ መጡ” እያለ የክብር ወንበር ይስብልኛል። የእህቴ ልጅ ግን ለክብሬ ደንታ አልነበረውም። “ጋሼ፣ ቪዲዮ ቤት ልውሰድህ? የጃኪ ቻን ካራቴ አለ” አለኝ። መቼም የልጅ ግብዣ እምቢ አይባልም፤ ሃምሳ ሃምሳ ሳንቲማችንን ከፍለን ገባን።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል። አግዳሚው ላይ ተጣበን ተቀመጥን። እንግሊዝኛውን በቅጡ የሚሰማው ጥቂት ነው፤ የማይገባው ግን የለም። ከጀርባዬ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ፊልሙን ቀድሞ አይቶት ኖሮ የሚመጣውን ሁሉ ይነግረናል። ነገሩ ሲከርር ደግሞ ያጽናናናል፤ “አይዟችሁ፣ አክተሩ አይሞትም!”

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው “ራሽ አወር” ነበር። ላላየው ላስታውስ። የቻይና ቆንስል ትንሽ ልጅ ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ ትታገታለች። አባትየው የሚያምነውን የሆንግ ኮንግ መርማሪ ሊን ያስጠራል። የአሜሪካኖቹ ኤፍ.ቢ.አይ. ግን እንግዳ እጁን እንዲያስገባባቸው አልፈለጉም። ስለዚህ ካርተር የሚባል አፈ ጮሌ የከተማ ፖሊስ ሰውየውን ከመንገዳቸው እንዲያርቅላቸው ይመደባል። ሊን ጃኪ ቻን፣ ካርተርን ክሪስ ተከር ይጫወቱታል። አንዱ ዝምተኛ፣ አንዱ ለፍላፊ፤ አንዱ በእጁ፣ አንዱ በምላሱ የሚኖር። ሲነታረኩ ውለው ሲነታረኩ ያድራሉ፤ ልጅቷን የሚያገኟት ግን አብረው ነው።

ቡጢ ባረፈ ቁጥር ቪዲዮ ቤቱ ይናወጣል። ማን እንደተመታ፣ ለምን እንደተመታ የሚጠይቅ የለም። መቺው አክተሩ ከሆነ ተመቺው ጥፋተኛ ነው፤ አለቀ። እኔም፣ የሼክስፒር መምህሩ፣ አጨበጨብኩ።

ይህ ሁሉ ወግ ሆኖ በቀረ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ገበያ ባልወጣ ኖሮ።

የቡሬ በርበሬ ዝናው አዲስ አበባ ድረስ የተሰማ ነው፤ ለባለቤቴ ሳልይዝ ብመለስ ቤት አልገባም። ከዘመዶቼ ጋር በዚያው አካባቢ ወዳለች አንዲት የገበያ ከተማ ሄድን። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለምና። በርበሬ ሻጮቹ መካከል ቆሜ ኪሴን ብዳብስ የገንዘብ ቦርሳዬ የለም። ዘወር ስል ሸሚዙ የተቀደደ፣ በባዶ እግሩ የሆነ ልጅ ከአጠገቤ ፈጠን ብሎ ሲርቅ አየሁ። ጣቴን ቀሰርኩ። “እሱ ነው!” አልኩ። ሁለት ቃል ብቻ።

“ሌባ! ሌባ!” ተባለ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። መጀመሪያ ቃሪያ ጥፊ፣ ቀጥሎ ቴስታ፣ ቀጥሎ ዱላ። የልጁ አፍንጫ ደማ። ልናዘዝ መሰለኝ፦ በመጀመሪያው ጥፊ ላይ በውስጤ ያጨበጨበ ነገር ነበር። በሁለተኛው ዝም አለ። በሦስተኛው “ተው” ማለት እንዳለብኝ አወቅሁ፤ ግን አላልኩም።

“ኧረ በሕግ አምላክ!” የሚል ድምፅ ከወደ ኋላ መጣ። ጋቢ የደረበ፣ አሮጌ ጠመንጃ በትከሻው ያንጠለጠለ የቀበሌ ታጣቂ ነው። አባቶቻችን በዚህች ቃል የሮጠውን ያቆሙባት፣ የተሰነዘረውን ዱላ ያስወርዱባት ነበር። እጆቹ ሁሉ አየር ላይ ቀሩ። ወዲያው አንድ ወጣት ፖሊስ እየሮጠ ደረሰ። ሽማግሌው የልጁን ግራ እጅ፣ ፖሊሱ ቀኙን ያዙ፤ እዚያው ቆመው ክርክር ገጠሙ።

“ልጁ የማን እንደሆነ ይጠየቅ፤ ሽማግሌ ይቀመጥና ይጣራ” አለ ታጣቂው።

“አባቴ፣ ይሄ እኮ የወንጀል ጉዳይ ነው። ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ይሰጣል፣ ፍርድ ቤት ይቀርባል” አለ ፖሊሱ። “ሽማግሌ ስንቱን ሌባ አስታርቆ ሰደደ?”

“እናንተስ ልጄ፣ ስንቱን አስገብታችሁ በማግስቱ ለቀቃችሁ?”

እንዲህ ሲነታረኩ የሕዝቡ ቁጣ በረደ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሮ “ጌታዬ፣ ሲወስድ በዓይንዎ አይተዋል?” አለኝ። “አላየሁም” አልኩ። “ታዲያ?” አለኝ። ልጁ ተፈተሸ፤ ከኪሱ እፍኝ የማትሞላ ቆሎ እንጂ ቦርሳ አልወጣም። ለጓደኛው አቀብሎት ሊሆን ይችላል። ጭራሽ አልነካውም ሊሆን ይችላል። እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያ ፊልም ብዙ አስቤያለሁ። ፊልም ላይ ተመልካቹ ምስክር ነው። ካሜራው ወንጀሉን ያሳየናል፣ የጥፋተኛውን የእጅ ሰዓት ሳይቀር አቅርቦ ያሳየናል። ስለዚህ ቡጢው ሲያርፍ የሚያጠራጥር ነገር የለም፤ ፍርዱን እኛው ሰጥተናል። ገበያ ውስጥ ግን ካሜራ የለም። እኔ ያየሁት የተቀደደ ሸሚዝ ነው። ከቪዲዮ ቤቱ ይዤ የወጣሁት ግን የካሜራውን እርግጠኝነት ነበር። ከቡጢው ይልቅ አደገኛው እሱ ይመስለኛል።

የሚገርመው ፊልሙ ራሱ ይህንን ሊነግረኝ ሞክሮ ነበር። የአጋቾቹ አለቃ ሆኖ የተገኘው ማን ነው? ሱፍ የለበሰ፣ በሆንግ ኮንግ የቀድሞ የፖሊስ አዛዥ የነበረ፣ የቆንስሉ ወዳጅ የሆነ የተከበረ እንግሊዛዊ! ሊና ካርተር ሌባ የሚመስለውን ብቻ ሲያሳድዱ ቢውሉ ኖሮ እሱ ዘንድ ባልደረሱ ነበር። ይህን አይቼ በሦስተኛው ቀን ጣቴን የቀሰርኩት በእግሩ ጫማ በሌለው ልጅ ላይ ነው። ማየት ሌላ፣ መማር ሌላ።

እርግጠኝነትን የተመኘነው ዛሬ ብቻ አይደለም። በድሮ ጊዜ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና፣ ወገቡ በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ነው ይባል ነበር። በኋላ መንግሥት ከለከለው። አውጫጭኝ ደግሞ አለ። የአካባቢው ሰው ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ እርሻው አይመለስም። ይኼኛው ከመድኃኒቱ ይሻላል፤ ቢያንስ ሰው ይነጋገርበታል። ግን እርሻ የሚያስፈታ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ እውነቱን ከማወቅ ይልቅ ቶሎ መገላገልን ሊመርጥ ይችላል። ያኔ የሚሰጠው ስም የማን ይሆን? ዘመድ የሌለው ሰው ስም እንዳይሆን እፈራለሁ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይጨምር። በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንደማይሆንም እዚያው ተጽፏል። ቀጥሎ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት ሰጥቶታል። አጋጣሚ ሆኖ የማይጣጣሙ ጥንዶች ፊልሞች አንዱ ስሙ “48 ሰዓት” ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ሲሆን ኒክ ኖልቲ ፖሊስ፣ ኤዲ መርፊ ደግሞ ፖሊሱን እንዲረዳ ለ48 ሰዓት ከእስር የወጣ እስረኛ ሆነው ይጫወቱበታል። የፊልሙ 48 ሰዓት ለመያዝ የሚሮጡበት ነው። የሕጉ 48 ሰዓት ግን የያዘውን ሰው እጅ የሚይዝ ነው። ለማን ተጻፈ ቢሉ፣ እንደ እኔ ላላየ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊቆጣኝ ይችላል፤ መብቱ ነው። የአጎቴ ልጅ ያኔውኑ ተቆጥቶኛል። “አንተ ደሞዝህ በወሩ ይገባልሃል። በሰኔ በሬው የተሰረቀበት ገበሬ ግን ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲለዋውጥ ክረምቱ ያልፈዋል። ሕግ የሌባ ጠበቃ ነው የምንለው ወደን መሰለህ?” አለኝ። መልስ አጣሁለት። ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። የዘገየ ፍርድም በደል ነው። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ልጁን በመምታት በሬው አይመለስም። ዱላው ፍትሕን አያፋጥንም፤ ቁጣችንን በቅርብ ባገኘነው ገላ ላይ ያራግፍልናል እንጂ። ፍርድ ቤቱ ይፍጠን ብሎ መጮህ አንድ ነገር ነው፤ ፍርድ ቤቱን መንገድ ላይ ማቋቋም ሌላ ነው።

እንግዲህ ከፊልሙ ምን ይቀራል ቢሉ፣ ለእኔ የቀረልኝ ንትርኩ ነው። ሊን ከካርተር፣ ካርተርን ከሊ የሚያድነው አለመመሳሰላቸው ነው። ገበያው ውስጥም ያንን ልጅ ያዳነው ያ ንትርክ ነው። ሽማግሌውና ፖሊሱ በሁሉ ነገር ተስማምተው ቢመጡ ኖሮ፣ እንጃ፣ ምናልባት ከእኛ ጋርም ይስማሙ ነበር። ሁሉም ሰው በአንድ ድምፅ “እሱ ነው!” ሲል “አይተሃል ወይ?” የሚል አንድ ጨቅጫቃ ያስፈልጋል።

ጃኪ ቻን በፊልሞቹ መጨረሻ ላይ ሲሳሳትና ሲወድቅ የተቀረጸውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1986 ዩጎዝላቪያ ውስጥ “አርመር ኦፍ ጎድ” የተባለውን ፊልም ሲሠራ ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰብሮ ነበር። አክተሩም ለጥቂት ነው የተረፈው ማለት ነው። የፍኖተ ሰላሙ ቪዲዮ ቤት ባለቤት ግን የመጨረሻው ቡጢ እንዳለቀ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፤ ለሚቀጥለው ወረፋ ካሴቱ መጠንጠን ነበረበት። ቡጢው እንደሚያም የሚያሳየውን ክፍል ሳናይ ወጣን።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ያ አገር ከቡጢ የከፋ ድምፅ ሰምቷል። ጣት የተቀሰረበት ሰው የሚደርስበት ከጥፊ ያለፈበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ያቺ ሁለት ቃሌ ሌሊት ሌሊት ትመጣብኛለች። ልጁ በሕይወት ካለ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ያን ቀን ፖሊሱ ደሙን አጥቦ ለቀቀው፤ እኔም በርበሬዬን ተሸክሜ መኪና ተሳፈርኩ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።