የትውልድ ምሥጢር የማን ነው?

ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ዘር መቍጠር በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። በቆቦና በራያ ቆላ ያደግን ሰዎች እንደምናውቀው፥ ሽማግሌው የሚቈጥረው ዝምድናን ለመለየት እንጂ የሰውን ጓዳ በአደባባይ ለመግለጥ አይደለም። ከሚያውቀው የሚናገረው ያንሳል፤ ስለዚህም ይከበራል።

ዛሬ በውጭ አገር ማናቸውም ሰው ጥቂት ምራቁን በብልቃጥ አድርጎ በፖስታ ቢልክ፥ ዲ.ኤን.ኤ. መርማሪ ድርጅቶች ዘመዱንና የትውልድ ምንጩን እንነግርሃለን ይሉታል። ቃላቸው ምን ያህል የታመነ ነው?

ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጁ ግማሹን ስለሚወርስ፥ ወላጅንና ልጅን ለማገናኘት ምርመራው የታመነ ነው። «ከዚህ ነገድ ይህን ያህል በመቶ» የሚለው ግን ግምት ነው። ድርጅቱ የሚያነጻጽረው በእጁ ካሉት ናሙናዎች ጋር ብቻ ስለ ሆነ፥ የአንድ ሰው ምራቅ ለሁለት ድርጅቶች ቢላክ የተለያየ መልስ ሊመጣ ይችላል። ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ብንቈጥር 128 ቅድመ አያቶች እናገኛለን። አማርኛ፥ ኦሮምኛና ትግርኛ ተናጋሪው ሲጋባ በኖረበት በራያ፥ ይህን ሁሉ በመቶኛ ከፍሎ «አንተ ይህ ነህ» ማለት ድፍረት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የምሥጢሩ ነገር ነው። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከመከልከሉ በፊት ብዙ ሕፃናት ባሕር ተሻግረዋል፤ ካደጉት አንዳንዶቹ ዛሬ ዘመዶቻቸውን በዚህ ምርመራ ይፈልጋሉ። ናፍቆታቸውን ማን ይነቅፋል? ነገር ግን ምራቁን የሰጠ ሁሉ የእናቱንና የአክስቱን ምሥጢር አብሮ ይሰጣል። ልጅዋን በችግር ሰጥታ ለማንም ሳትገልጥ የኖረች እናት በቆቦ ብትኖር፥ ፈቃድዋን የጠየቃት ማን ነው?

ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. እንደ ታወቀው፥ ሌቦች ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በሚባለው የአሜሪካ ድርጅት የ14,000 ያህል ደንበኞችን መዝገብ ከፍተው፥ በዝምድናው ሰንሰለት የ6.9 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ አገኙ። ድርጅቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኪሣራ አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቀረበ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መዝገቡ ከንብረቱ ጋር ተሸጠ። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሆኖም ሕግ አጥፊውን ይቀጣል እንጂ የወጣን ምሥጢር አይመልስም።

ካፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶቻችን። ምራቅም ካፍ ይወጣልና፥ ለመስጠት የምናስብ ሁሉ አስቀድመን ቤተ ዘመድን እናማክር፤ ያገኘነውንም እንደ ሽማግሌው በመጠን እንናገር። ደማችን የእኛ ብቻ ንብረት አይደለም።